አንድ ጉዳይ በሦስት መዝገብ፦ የትምህርት ቤት ጥያቄዎች በተለያዩ የመከታተያ ሥርዓቶች መካከል እንዳይፋለሱ ስለ መጠበቅ

መግቢያ

አንድ ትምህርት ቤት የጣሪያ ጥገና፣ የመማሪያ መጻሕፍት ወይም የመምህር ጥያቄ ሲያቀርብ ጥያቄው በአንድ ስፍራ ብቻ ተጽፎ አይቀርም። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይገባል፤ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሌላ ቁጥር ተሰጥቶት ይመዘገባል፤ ከዚያም አልፎ ዞን መምሪያ ሲደርስ በሦስተኛ ሠንጠረዥ ላይ ይሰፍራል። ሦስቱም መዝገቦች የሚናገሩት ስለ አንድ ጣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ቢመረመሩ አንደኛው «በመጠባበቅ ላይ»፣ ሁለተኛው «በጀት ተይዞለታል»፣ ሦስተኛው «ተፈጽሟል» ብለው ሊገኙ ይችላሉ። ዕቅድ አውጪው የሚያነበው ሦስተኛውን ነው፤ ተማሪው የሚቀመጠው ግን ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ነው።

ይህ ዓይነቱ መፋለስ ብዙውን ጊዜ በሠራተኛ ቸልተኝነት ወይም በመሣሪያ እጥረት ይመካኛል። ሁለቱም ድርሻ እንዳላቸው አይካድም። ዋናው ምክንያት ግን መዝገቦቹ እርስ በርሳቸው ከመገናኘታቸው በፊት «የትኛውን ነገር የሚጽፈው ማነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ መቅረቱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም መፋለሱ የሚጀምርባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ማሳየትና እያንዳንዱ እንዴት እንደሚታረም ማስረዳት ነው።

1. የጉዳዩ ምንነት

በኮምፒዩተር ሥራ ዓለም አንድ ብልሽት ወይም ጥያቄ ከቀረበበት ጊዜ ጀምሮ እስኪፈጸም ድረስ የሚመዘገብበት ቅጽ «ቲኬት» ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ «የጉዳይ ካርድ» ተብሏል። እንዲህ ያሉ ካርዶችን የሚያስተዳድሩ መርሐ ግብሮች ከታወቁ ብዙ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ ቡግዚላ የተባለው በ1998 እ.ኤ.አ.፣ ጂራ የተባለው ደግሞ በ2002 እ.ኤ.አ. ለአገልግሎት ቀርበዋል። ሁለት መሥሪያ ቤቶች የየራሳቸውን መርሐ ግብር ይዘው በአንድ ጉዳይ ላይ አብረው መሥራት ሲኖርባቸው ካርዶቹን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያመላልስ ድልድይ ያበጃሉ። ይህ ሥራ «ማመሳሰል» ይባላል።

በድልድዩ ላይ የሚያጋጥሙት ችግሮች በወረቀት መዝገብም ሆነ በኮምፒዩተር ያው ናቸው። ኮምፒዩተሩ የሚያመጣው ልዩነት ስሕተቱን ማፍጠኑ ነው። በወረቀት አንድ ጸሐፊ በቀን አሥር ካርድ ቢያሳስት ኮምፒዩተር ያንኑ ስሕተት በደቂቃዎች ውስጥ በሺሕ ካርድ ላይ ይደግመዋል።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ያህል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በአዘና አካባቢ የሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ይታሰብ። ትምህርት ቤቱና ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የታሰቡ ናቸው። የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሁለት መማሪያ ክፍሎች ቆርቆሮ በነፋስ ተነቅሏል እንበል። ርእሰ መምህሩ ጉዳዩን በትምህርት ቤቱ መዝገብ በቁጥር 42 ይመዘግባሉ፤ አዘና ያለው የወረዳው ጽሕፈት ቤት በቁጥር 318 ይቀበለዋል፤ እንጅባራ ያለው የዞኑ መምሪያም በራሱ ሠንጠረዥ ያሰፍረዋል። የአካባቢው ክረምት ብርቱ ስለ ሆነ ጥገናው ከሰኔ በፊት ካላለቀ ክፍሎቹ ለቀጣዩ ዓመት አይደርሱም። እንግዲህ በእነዚህ አራት ወራት ውስጥ ካርዱ ሳይፋለስ ወደ ላይ መውጣትና ወደ ታች መመለስ አለበት።

2. ጉዳዩ የተወለደበትን ቁጥር ስለ መያዝ

የመጀመሪያው መፋለስ የሚመጣው ከመለያ ቁጥር ነው። ቁጥር 42 እና ቁጥር 318 አንድ ጉዳይ መሆናቸው በየትኛውም ስፍራ ካልተጻፈ ርእሰ መምህሩ በሚያዝያ ወር «ጥያቄያችን ከምን ደረሰ?» ብለው ሲጽፉ ደብዳቤው በወረዳው እንደ አዲስ ጥያቄ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ አንድ ጣሪያ ሁለት ካርድ ይኖረዋል፤ አንደኛው ሲፈጸም ሁለተኛው እንደ ተከፈተ ይቀራል፤ የወረዳውም ሪፖርት የተበላሹ ጣሪያዎችን ቁጥር ከእውነተኛው አብልጦ ያሳያል።

ለዚህ መድኃኒቱ በመዝገብ ቤት ሥራ ከቆየ ልማድ ጋር አንድ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ ላይ መልስ የሚሰጠው ወገን የላኪውን ቁጥር እንዲጠቅስ የሚያሳስብ ቃል ታትሞ ይገኛል። የዚህ ማሳሰቢያ ቁም ነገር እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ቁጥር ቢሰጥም የሌላውን ቁጥር ከጎኑ መያዝ እንዳለበት ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ሁለት ቦታ ይኑር፦ አንዱ «የእኛ ቁጥር»፣ ሌላው «ጉዳዩ የተወለደበት ቁጥር»። ሁለተኛው አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ በማንም አይለወጥም። የትምህርት ቤቱ መለያ፣ ዓመተ ምሕረቱና ተራ ቁጥሩ ተያይዘው ከተጻፉ የአንዱ ትምህርት ቤት 42 ከሌላው 42 ጋር አይምታታም።

የጉዳዩን ርእስ ወይም የትምህርት ቤቱን ስም እንደ መለያ መጠቀም ግን አይበቃም። አንድ ትምህርት ቤት ራሱ በአንዱ መዝገብ በሙሉ ስሙ፣ በሌላው በአጭሩ ሊጻፍ ይችላልና።

3. የእያንዳንዱ ቃል ባለቤት

ሁለተኛው መፋለስ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ሳይታይ ይፈጸማል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ፣ ካርዱ ወረዳ ከደረሰ በኋላ ሌላ ነፋስ መጥቶ ሦስተኛ ክፍል ተጎዳ እንበል። ርእሰ መምህሩ በመዝገባቸው «2 ክፍሎች» የሚለውን አርመው «3 ክፍሎች» ይላሉ። በዚያው ቀን የወረዳው ባለሙያ በእርሱ ካርድ ላይ የጥገናውን መጀመሪያ ቀን ይጽፋል። ማታ መዝገቦቹ ሲመሳሰሉ ድልድዩ ካርዱን እንዳለ የሚገለብጥና በመጨረሻ የተጻፈውን የሚያጸና ከሆነ፣ የወረዳው ካርድ በትምህርት ቤቱ ካርድ ላይ ይጫናል። የጥገናው ቀን ይገባል፤ «3» የሚለው ግን ተመልሶ «2» ይሆናል። ማንም አልዋሸም፤ ማንም አልሰረዘም። ነገር ግን ሠራተኛው የሁለት ክፍል ቆርቆሮ ጭኖ ይመጣል።

«የመጨረሻው ጸሐፊ ያሸንፋል» የሚለው ደንብ ለአሠራር ቀላል በመሆኑ ብዙ ጊዜ ይመረጣል። ጉዳቱ ግን የተሸነፈው ቃል ምልክት ሳይተው መጥፋቱ ነው። የተሻለው መንገድ ካርዱን እንደ አንድ ነገር ሳይሆን እንደ ብዙ ቃላት ስብስብ ቆጥሮ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ባለቤት መስጠት ነው። ለምሳሌ፦

ሀ/ የጉዳቱ ዓይነትና መጠን፣ የተጎዱት ክፍሎችና የተማሪዎቹ ቁጥር የትምህርት ቤቱ ናቸው።

ለ/ የበጀት ምንጭ፣ የሠራተኛ ምደባና የሥራ መጀመሪያ ቀን የወረዳው ናቸው።

ሐ/ ጉዳዩ ከሌሎች ወረዳዎች ጉዳዮች ጋር ሲነጻጸር የሚሰጠው ቅድሚያ የዞኑ ነው።

ባለቤት ያልሆነው ወገን ቃሉን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ስሕተት ያየ እንደሆነ በአስተያየት መስጫው ቦታ ላይ ያመለክታል፤ የሚያርመው ግን ባለቤቱ ነው። አስተያየቶች የሚጨመሩ እንጂ የሚተኩ ስላልሆኑ ከሁለቱም ወገን ሳይጋጩ ሊከማቹ ይችላሉ። ይህ ክፍፍል በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ከሁሉም ወገን ሲፈረምበት፣ ከመፋለሱ አብዛኛው ገና ሳይጀመር ይቀራል።

4. የደረጃ ቃላት

ትምህርት ቤቱ ለጉዳዩ ሦስት ደረጃ ብቻ ይኖረው ይሆናል፦ «ቀርቧል»፣ «በሥራ ላይ»፣ «ተፈጽሟል»። ወረዳው በአንጻሩ «ተቀብለናል»፣ «በማጣራት ላይ»፣ «በጀት ተይዞለታል»፣ «በግዥ ላይ»፣ «በጥገና ላይ»፣ «ተዘግቷል» ሊል ይችላል። ስድስቱን ወደ ሦስቱ ማጠፍ ይቻላል፤ ሦስቱን ወደ ስድስቱ መዘርጋት ግን አይቻልም። «በግዥ ላይ» የነበረ ጉዳይ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲወርድ «በሥራ ላይ» ይባላል፤ ተመልሶ ሲወጣ ማሽኑ ከአራቱ የትኛው እንደ ነበረ አያውቅምና የመጀመሪያውን ሊመርጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ ጉዳዩ ግዥ ላይ ከደረሰ በኋላ ወደ ማጣራት ይመለሳል። ስለዚህ የተጠቃለለ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ላይ ተመልሶ ዝርዝሩን መተካት የለበትም።

ከቃላቱ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያሻው «ተዘግቷል» የሚለው ነው። አንድ ካርድ ሥራው ስላለቀ፣ ጥያቄው ተቀባይነት ስላጣ፣ ድጋሚ ሆኖ ስለ ተገኘ ወይም የበጀት ዓመቱ ስላለፈ ሊዘጋ ይችላል። እነዚህ አራት ምክንያቶች በአንድ ቃል ሲጠቀለሉ የዞኑ ሪፖርት ያልተሠራውን ከተሠራው ይደምራል። ስለዚህ መዝጊያ ያለ ምክንያት አይጻፍ። «ተፈጽሟል» የሚለውንም ወረዳው ሥራውን መጨረሱን ሲያሳውቅ ጥያቄውን ያቀረበው ትምህርት ቤት አይቶ ያጽድቀው። የጣሪያውን ማፍሰስ አለማፍሰስ የሚያውቀው ከሥሩ ያለው ነውና።

5. ቀንና ሰዓት

በኢትዮጵያ መዝገቦች ላይ ከሌላው ዓለም የተለየ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። «04/06/2017» ተብሎ የተጻፈው ቀን በትምህርት ቤቱ መዝገብ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው፤ ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2025 ነው። የውጭ አገር አቆጣጠር ብቻ የሚያውቅ ማሽን ግን ይህንኑ ጁን 4 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል። በዚህ አነባበብ ትናንት የቀረበው ጥያቄ ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ይመስላል፤ የቆዩ ጉዳዮችን በራሱ የሚዘጋ ሥርዓት ከሆነም ገና ሳይታይ ሊዘጋው ይችላል።

መስከረም 1 ቀንም በየዓመቱ በአውሮፓውያኑ አንድ ቀን ላይ አይውልም። የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ሲሆን፣ የ2017 ዓ.ም. ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነበር። ጳጉሜን በ2015 ዓ.ም. 6 ቀን ነበራት፤ አምስት ቀን ብቻ እንዳላት ተደርጎ በተሠራ ቅጽ ላይ የስድስተኛው ቀን ጉዳይ መግቢያ አያገኝም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቅጽ ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ተብሎ መጻፉ፣ የወሩም ስም በቁጥር ፈንታ በፊደል መጻፉ ትንሽ የሚመስል ግን ብዙ ጥፋት የሚያስቀር ልማድ ነው።

የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። ርእሰ መምህሩ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ያረሙትን ካርድ «8፡00» ብለው ይጽፋሉ፤ በማሽን አቆጣጠር ይህ 14፡00 ነው። የዞኑ ኮምፒዩተር በበኩሉ በዚያው ቀን ጠዋት 5 ሰዓት ላይ የገባውን ቃል «11፡00» ብሎ መዝግቧል። ስምንትና አሥራ አንድ ሲነጻጸሩ የዞኑ ቃል በኋላ የተጻፈ ይመስላል፤ እውነቱ ግን የትምህርት ቤቱ ቃል ሦስት ሰዓት ዘግይቶ የተጻፈ መሆኑ ነው። «የመጨረሻው ያሸንፋል» በሚለው ደንብ አዲሱ ወድቆ አሮጌው ይጸናል።

አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ሌስሊ ላምፖርት በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ በተራራቁ ማሽኖች ላይ የሚፈጸሙ ነገሮችን ቅደም ተከተል ለማወቅ የእያንዳንዱን ሰዓት ከማመን ይልቅ በመልእክት ልውውጥ የሚያድግ ተራ ቁጥር መጠቀም እንደሚቻል አሳይቷል። ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ቀላል ዘዴ በወረዳ ሥራ ላይም ሊውል ይችላል። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ «የለውጥ ቁጥር» ይኑር፤ ካርዱ በታረመ ቁጥር አንድ ይጨመርበት። ላኪው «ይህን ያረምሁት ለውጥ ቁጥር 4ን አይቼ ነው» ይላል። ተቀባዩም ዘንድ ካርዱ በ4 ላይ ካለ እርማቱ ይገባል። 5 ላይ ደርሶ ከተገኘ ግን ላኪው ያላየው ለውጥ አለ ማለት ነውና ማሽኑ አንዱን በሌላው ላይ ሳይጭን ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አድርጎ ለባለቤቱ ያቀርባል። ፍርዱን የሚሰጠው ሰው ይሆናል።

6. ስምና ፊደል

ሥዩምና ስዩም፣ ኃይሉና ሀይሉ፣ ዓለምና አለም ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለማሽን ግን የተለያዩ ናቸው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ መለያ ተሰጥቶት የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ሦስት የተለያዩ መለያ አላቸው። በአዊ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ የአገው ቋንቋዎች ሲጻፉ የሚያገለግሉት የ«ጘ» ዘር ፊደላት በማይገኙበት የቁልፍ ሰሌዳ የሚጽፍ ሠራተኛ ድምፁን በሌላ ፊደል ይተካዋል። በዚህ ምክንያት አንድ መንደር ወይም አንድ ተማሪ በሁለት መዝገብ በሁለት አጻጻፍ ይገኛል።

መፍትሔው ሰውን ሁሉ በአንድ አጻጻፍ ማስገደድ አይደለም። ስሙ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይጻፍ፤ ማሽኑ ሲያነጻጽር ግን ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ ይቁጠር፤ የመጨረሻው መለያም ስሙ ሳይሆን ቁጥሩ ይሁን። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ ለሰዎች እንዲህ ያለ የጋራ ቁጥር የመስጠት ዓላማ አለው። የጣሪያ፣ የመጽሐፍና የወንበር ጉዳይ ግን የራሱ ቁጥር ያስፈልገዋል።

7. ደግሞ መላክ፣ ማስተጋባትና መሰረዝ

የመብራትና የኔትወርክ መቋረጥ ባለበት ስፍራ ላኪው መልእክቱ መድረሱን ሳያረጋግጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ደግሞ ይልካል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የኢንተርኔት አገልግሎት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ይታወሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ካርዶች በየቦታው ተከማችተው ይቆዩና መስመሩ ሲከፈት በአንድነት፣ አንዳንዴም በድጋሚ ይደርሳሉ። ደንቡ ግልጽ ነው፦ የተወለደበት ቁጥሩና የለውጥ ቁጥሩ አስቀድሞ በመዝገቡ ላይ ያለ ካርድ ሁለተኛ ቢመጣ አዲስ ጉዳይ አይከፈትለትም፤ «ደርሶናል» ተብሎ ብቻ ይመለስለታል።

ከዚህ ጋር የሚዛመደው ማስተጋባት ነው። ትምህርት ቤቱ ለወረዳው የላከውን ለውጥ ወረዳው እንደ ራሱ አዲስ ለውጥ ቆጥሮ መልሶ ቢልከው፣ ትምህርት ቤቱም እንደገና ቢልከው ካርዱ ያለ ዕረፍት ይመላለሳል። ለውጡን ማን እንደ ጀመረው በካርዱ ላይ ከተጻፈ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ድምፅ ለይቶ መተው ይችላል።

መሰረዝን በተመለከተም የወረቀት መዝገብ ሕግ ለኮምፒዩተርም ይሠራል። ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም፤ የተሳሳተ ቃል በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ይፈረምበታል፣ አሮጌው ቃል ግን ይነበባል። አንድ ካርድ ከወረዳው ሠንጠረዥ ጨርሶ ቢፋቅ ዞኑ «ጠፍቷልና ይላክለት» ብሎ መልሶ ሊልከው ይችላል። «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ይዞ በቦታው ከቆየ ግን ስረዛው ራሱ እንደ ማንኛውም ለውጥ ለሁሉም ይደርሳል።

8. መዝገቦችን በየጊዜው ስለ ማስታረቅ

ከላይ የተዘረዘሩት ደንቦች ሁሉ ቢከበሩም ጥቂት መፋለስ አይቀርም። ስለዚህ መዝገቦቹ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ይተያዩ። ጠቅላላ ድምርን ማነጻጸር ግን አያጠግብም። ትምህርት ቤቶቹ 40 ክፍት ጉዳይ፣ ወረዳውም 40 ክፍት ጉዳይ ሲኖራቸው ቁጥሩ ይስማማል፤ ሆኖም ከአርባዎቹ ሦስቱ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ንጽጽሩ በተወለዱበት ቁጥር፣ ካርድ በካርድ መሆን አለበት። ውጤቱም በሦስት ዝርዝር ይቀመጣል፦ በአንዱ ብቻ ያሉ፣ በሁለቱም ያሉ ግን የማይስማሙ፣ በሁለቱም የሚስማሙ። የሱፐርቫይዘሩ ጊዜ መዋል ያለበት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዝርዝሮች ላይ ነው።

ይህ ሥራ ለጥገና ጥያቄ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ተማሪ ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር መሸኛው ቢደርስም ስሙ ከቀድሞው መዝገብ ካልወጣ በሁለት ቦታ ይቆጠራል። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ መርሐ ግብር ለትምህርት ቤቶች የሰጠው የድጎማ ገንዘብ በተማሪ ቁጥር የተሰላ እንደ ነበር ሲታሰብ፣ የአንድ ስም በሁለት መዝገብ መቅረት የሒሳብ ስሕተት ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ነው። በአንዱ ትምህርት ቤት የተረፈው መጽሐፍ በሌላው የጎደለው ነው።

ማጠቃለያ

መዝገቦችን የሚያስማማቸው ማሽኑ አይደለም፤ ማሽኑ የሚፈጽመው አስቀድሞ የተስማሙበትን ነው። ስለዚህ አዲስ የመከታተያ ሥርዓት ከመገዛቱ ወይም ሁለት ሥርዓቶች ከመያያዛቸው በፊት ዕቅድ አውጪዎች አምስት ነገሮችን በጽሑፍ ሊወስኑ ይገባል፦ ጉዳዩ የተወለደበት ቁጥር እንዴት እንደሚጻፍ፤ የእያንዳንዱ ቃል ባለቤት ማን እንደ ሆነ፤ የደረጃ ቃላት እንዴት እንደሚተረጎሙና በምን ምክንያት እንደሚዘጉ፤ ቀንና ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር እንደሚመዘገብ፤ መዝገቦቹ መቼና በማን እንደሚታረቁ።

የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችም በትምህርት ቤት አስተዳደር ትምህርታቸው ውስጥ ለዚህ ጉዳይ ጥቂት ክፍለ ጊዜ ቢመድቡ ይጠቅማል። ለልምምዱ ኮምፒዩተር እንኳ የግድ አያስፈልግም። ዕጩ መምህራን በሦስት ቡድን ተከፍለው፣ አንዱ ትምህርት ቤት፣ አንዱ ወረዳ፣ አንዱ ዞን ሆነው ሃያ ካርዶችን በወረቀት ቢለዋወጡ፣ ከካርዶቹም ጥቂቶቹ ዘግይተው፣ ጥቂቶቹ በድጋሚ፣ ጥቂቶቹም በተለያየ አቆጣጠር ተጽፈው እንዲደርሱ ቢደረግ፣ በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሦስቱን መዝገቦች ሲያስተያዩ መፋለሱ ከየት እንደ መጣ በራሳቸው ሥራ ላይ ያዩታል። በዚህ መንገድ የሠለጠነ መምህር ነገ ርእሰ መምህር ሆኖ የጥያቄ ቅጽ ሲሞላ ቁጥሩንና ቀኑን ለይቶ ይጽፋል፤ «ተፈጽሟል» የሚል ወረቀት ሲቀርብለትም ከመፈረሙ በፊት ሄዶ ጣሪያውን ያያል።